ዘጠኝ ጨምሪበት

ቂርያት ጋት ከተማ፣ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ፣
ዘበኛው «ሳባ» አለኝ፤ «መጣልህ ኤልያሳፍ፣
ያ የልጅ ልጅህ።»
«አባቱ ነኝ» ብዬ አርሜውም ነበረ፤
ሽበቴን አየና ረስቶት ነው ያደረ።

ምራቂ ነው ይህ ልጅ፤ ገበያ ተፈትቶ፣
ነጋዴ ሚዛኑን ጠቅልሎ አስገብቶ፣
«እንካ» ብሎ በጄ ጣል እንዳደረገው፣
አምላክ ጨመረልኝ፤ የስሙም ፍቺ ነው።

ዛሬ ግን የጠሩኝ ለሌላ ጉዳይ ነው።
ዳሌትንና ሬሽን መለየት ያቃተው፣
አስራ ሁለት ሲሉት ሃያ አንድ የሚጽፈው፣
ምን እንደሆን ልጄ ሊመረምሩት ነው።

ሲጋል ትባላለች፤ ድምጿ ነው ለስላሳ፤
ፎርሙን ትሞላለች ራሷን ሳታነሳ።
«እናቱ ስትወልደው?» «ሠላሳ ስድስት።»
«አባትስ?» መታወቂያዬን አየች፤ ቀንሳ ጻፈች፦ «አርባ ሰባት።»

«ለምን ይጠየቃል የአባት ዕድሜ?» አልኳት።
ብዕሯን አስቀመጠች።
«ጥናት አለ» አለች፣ «ሲዘገይ አባቱ
በጥቂት፣ በጥቂት ከፍ ይላል ሥጋቱ።
ስለ ብዙ ሕዝብ ነው፤ ስላንተ ልጅ አይደል፤
ከዚህ መጣ ብሎ አንድን ሰው አይበድል።»

እኔ ግን ሰማሁት በገበሬ ጆሮ፦
የከረመ ዘር ነው፣ ጎተራ ውስጥ አድሮ፣
ነቀዝ የጀመረው።

ወይስ ከዕድሜ አይደለም? እኔም ኡልፓን ሳለሁ
ዳሌት ከሬሽ ጋራ መንታ መስለውኝ ነበር፤
አንዱ ትከሻው ሹል፣ አንዱ ትከሻው ክብ፤
አስተማሪዋ ስትጠራቸው፣ እንደ ሰው ልጆች
ማን ማን እንደሆነ በሐፍረት እገምት ነበር።
በመስታወቱ ማዶ ልጄ ኩብ ይደረድራል፤
ምላሱን በከንፈሩ ጫፍ አውጥቶ፣
አንዱን በአንዱ ላይ፣ እስኪወድቅ ድረስ።

ደግሞም አርባ ሰባት ያለችው ሐሰት ነው።

አጎቴ መምህር ነበር፤ የተወለድኩበትን ዓመት
በፈረንጆች አቆጣጠር «ሃምሳ ስድስት» ብሎ
በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ ከኮቴ ገበር ሰፋልኝ።
አውሮፕላኑ ባወረደን ንጋት
ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ጸሐፊ
ወረቀቷን አየ፣ አዛጋ፣ ገለበጠው፦
«ስልሳ አምስት።»
ቀኑን ጃንዋሪ አንድ አለው፤ ግማሽ ሰፈራችን
ባንድ ቀን የተወለደው እንዲህ ነው።
ዘጠኝ ዓመት ቀለለኝ። ዝም አልኩ።
ለሥራም በጀኝ፤ ለትዳርም፤
ሚስቴ ያይሽ እንኳ እስከዛሬ አታውቅም።
ያን ጸሐፊ ግን
ማንም ለምርመራ አልላከውም።

ጨርሰን ተነሣን። እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነበር፤
ልጁ ጎኔ ቆሞ የጫማውን ክር ያስራል፣ ይፈታል።
ተመለስኩ።
«ዘጠኝ ጨምሪበት» አልኳት።
ለምን ብላ አልጠየቀችም። ሰረዘች። ጻፈች።
«አመሰግናለሁ» አለች፤
እኔ ምን እንደሰጠኋት አላወቅሁም።

ፌርማታው ላይ መነጽሬን ፈለግሁ፤
ሲጋል ጠረጴዛ ላይ ረስቼዋለሁ።
«አባ፣ የኛ መጣ! አስራ ሁለት!»
አመንኩት፤ ተሳፈርን።
አውቶቡሱ የኛን ሰፈር ትቶ፣
ፋብሪካውን አልፎ፣ ገለባው ካልተነሣበት
ከታጨደ የስንዴ ማሳ ዳር ቆመ።
ሹፌሩ «መጨረሻ» አለ፤ ሞተሩን አጠፋ።

ልጄ ቀና ብሎ ፊቴ ላይ ቁጣ ፈለገ።
«ተገለበጠብኝ» አለ።
«ለኔም ተገልብጦልኝ ያውቃል» አልኩት።
ለምን እንደሣቅሁ አልገባውም፤ አብሮኝ ግን ሣቀ።

«ከሃያ አንድ ላይ አስራ ሁለት ቢነሣ
ስንት ይቀራል?»
ጣቶቹን ዘረጋ። አጠፈ። እንደገና ጀመረ።
ሹፌሩ ሲጋራውን ጨርሶ ሌላ ለኮሰ።
አልቸኮልኩም። የኔንም ጣቶች አበደርኩት፤
ያረጁትን፣ አንጓቸው ያበጠውን፣
አንድ በአንድ እየያዘ ቆጠራቸው፤

«ዘጠኝ» አለ።